ስም የተጠራበት ዶሮ

አስናቀ ዶሮውን ከባጃጅ ሲያወርድ እናቱ እማማ የሺመቤት በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አዩት። ገብስማ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መስከረም በጠባ ቁጥር ክንፉን ጨብጠው ሲያዞሩት የኖሩት ዓይነት። ሰፌዱን ወደ ጎን ገፉት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ዶሮ ነዋ፣ እማዬ።»

«ዶሮነቱንማ አየሁት። ለማን ነው?»

አስናቀ ዶሮውን ማንጎዋ ሥር አሰረና እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ያልቆሸሸ እጁን።

ይህ አስናቀ እንግዲህ የፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። ዲግሪው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በሠራው በዚህ አዲስ ቤት ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። ጠንቋይ ቤት ሄደ የተባለ ሰው ካለ ቢሮው ውስጥ ቀድሞ የሚያሾፍበት እሱ ነው። ሆኖም ትንሹ ልጁ አማኑኤል ታሟል። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ቢጀመርለትም ትኩሳቱ አልወርድ ብሏል፤ አባትየውም ማሾፉን ትቶ ገበያ ወጣ።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ በአገራቸው በማክሰኝት እያሉ እማማ የሺመቤት ከእናታቸው የወረሱት ቆሌ ነበረባቸው። በየመስከረሙ ገብስማ ዶሮ በቤተሰቡ ራስ ላይ አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ ጣና መልሰው ያሳርዱለታል። በዚያ ዶሮ ላይ የሥላሴ ስም አይጠራም። ሥጋውን ከቤት ሰው በቀር ማንም አይቀምሰውም፤ አጥንቱም ይቀበራል። ይህን የያዘ ሰው ደግሞ አይቆርብም። እማማ የሺመቤትም ቅዳሴ ባስቀደሱ ቁጥር ቆራቢው ሲሰለፍ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጡ ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ ግን ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ኪዳነ ወልድ ሁሉንም ዘርግፈው ነገሯቸው። ቄሱ ብዙ አልተናገሩም። በክርስትና ስማቸው ጠርተው፣ «ወለተ ሚካኤል፣ ያ ቆሌ በየዓመቱ ደም ይጠይቅሻል። ክርስቶስ ግን የራሱን ደም ሰጠሽ እንጂ ያንቺን አልጠየቀሽም። ከማን ጋር ትሆኛለሽ?» አሏቸው። እማማ የሺመቤት ቀኖናቸውን ፈጽመው ቆረቡ። ከጊዮርጊስ ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀሱ። ሹፌሩ አዝኖ፣ «ማን ሞተብዎት እናቴ?» ቢላቸው፣ «ማንም አልሞተብኝ። ድኜ ነው» አሉት።

እና አሁን መስከረም ጠብቶ ዶሮው ማንጎዋ ሥር ቆሞ ይጭራል።

ምራታቸው መሲ እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች ከልጁ ክፍል ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «እማማ፣ ምን ይጎዳል? ለዘንድሮ ብቻ። እሱ ይረደው፤ እርስዎ አንዴ ብቻ ልጁ ራስ ላይ ያዙሩለት።»

ማዞር የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ቆሌው የሳቸው ነውና። እሳቸው እንቢ ካሉ ዶሮው ዶሮ ብቻ ነው።

እማማ የሺመቤት ወደ ልጁ ገቡ። ግንባሩን ዳሰሱት፤ ያቃጥላል። ዓይኑን ገልጦ አያቸውና መልሶ ጨፈነ። ያኔ ፈሩ። ብድግ ብዬ ያንን ዶሮ ላምጣው የሚል ሐሳብ መጣባቸው፤ እጃቸው ክንፍ እንደሚይዝ ሆኖ ሲጨበጥም አዩት። በዚያ እጅ ተናደዱ። አማተቡበትና ወጡ።

«አላዞርም» አሉ።

«እማዬ፣ እህቴን ኢትዮጵያን አትርሺ» አለ አስናቀ። «ልጅ ሳለች የሞተችው ያን ዓመት ዶሮው ስለቀረ አይደለም? አንቺው ነሽ የነገርሽን።»

«አልቀረም።»

«ምን?»

«አልቀረም አልሁህ! በራሷ ላይ በእጄ አዙሬ አሳርጃለሁ። ልጅቱ ስትሞት እናቴ ‹ክንፉ ሥር አንዲት ቀይ ላባ ነበረችበት፤ አልተቀበለውም፤ እንዳልታረደ ነው› አለችኝ። እኔም አመንሁ። ልጄን የገደልኋት እኔ ነኝ ብዬ ኖርሁ። በአንዲት ላባ፣ አስናቀ! በአንዲት ላባ!»

ቆሌውን ሊናገሩት ወደ ጣና ዞሩ። «ስማ አንተ! ከእናቴ በላህ፣ ከእኔ በላህ፣ ልጄንም አልማርሃት። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አመድ አትቀምስም!»

«ኧረ እማማ ቀስ ይበሉ፣ ይሰማል!» አለች መሲ።

«ይስማ እንጂ! እንዲሰማ አይደል የምጮኸው?»

«ልጄስ?» አለ አስናቀ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኗል።

«ልጅህ የክርስቶስ ነው፤ በአርባ ቀኑ ተጠምቋል። መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡት። እስከ ማታ ካልበረደለት ሆስፒታል እንወስደዋለን፤ እኔ አዝለዋለሁ። ይድናል ብዬ አምናለሁ። ባይድን ግን...» የልጁን ክፍል በር አዩ። «ባይድን አልቅሼ እቀብረዋለሁ እንጂ ለዚያ ነገር ዳግመኛ አልሰግድም። በል ቢላዋ አምጣ።»

«ልታዞሪ ነው?»

«እራት ልሠራ ነው። በስመ አብ ብለህ እረደው።»

አስናቀ ዶሮውን ፈትቶ አንገቱን ያዘ። ዶሮ ባረደ ቁጥር ሳያስበው የሚለው ቃል ነበር፤ ዛሬ አፉ ተሳሰረ። ለቆሌ በመጣ ዶሮ ላይ ያንን ስም መጥራት ቆሌውን በጥፊ መምታት ማለት ነው።

«ተይው እማዬ፣ ሌላ ዶሮ ልግዛ።»

«እኔ የምበላው ይኼን ነው።»

አጠገቡ ተንበርክከው ክንፉን ጨበጡና የጎረቤት ውሾች እስኪጮኹ ድረስ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አሉ። ቢላዋው ወረደ። ሰማዩ አልተደረመሰም። አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ሰው ይጠራል።

ሽንኩርቱን ራሳቸው ከትፈው፣ ወጡን ራሳቸው ሠርተው፣ ሲመሽ አጥሩ ጋ ቆመው ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። የታመመ ሊጠይቅ የመጣውም እራት ቀርቦ ጠበቀው። አጥንቱን የሚቀብረው አልነበረም፤ ለውሻ ተጣለ።

አስናቀ ብቻ አልበላም። መሲ የልጁን ሙቀት ለክታ ራሷን እየነቀነቀች ወጥታለች። ትኩሳቱ ያው ነው። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው መኪና ተጠርቷል።

እማማ የሺመቤት ከታፋው ቆርሰው ጠቀለሉና ጉርሻውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ።

«እማዬ፣ ልጄ እየነደደ...»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። እየፈራሁ ነው የበላሁ። ብላና እንሂድ።»

አስናቀ የተዘረጋውን እጅ አየ። ቢላዋ ይዞ ያልወጣለትን ቃል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ጀመረ። ጨረሰውና አፉን ከፈተ።