ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ

ሽማግሌው መካኒክ በሽታን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ጋራዥ በነበሩ ጊዜ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያስደግፉና ዓይናቸውን ጨፍነው "ቫልቭ ነው" ወይም "ኩሽኔታ ነው" ይሉ ነበር። ተሳስተው አያውቁም ባይባልም የተሳሳቱበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ስለዚህ ሳሎን ያለው ኮምፒውተር ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ማንንም አላማከሩም። ካቻቢቴያቸውን ይዘው ጠረጴዛው ሥር ተንበረከኩ።

ሞተር ካልተነሳ ሕመሙ አይሰማም። እሳቸውም ኮምፒውተሩን ያስነሱታል፣ ያዳምጡታል፣ ያጠፉታል፤ ሻይ ፉት ብለው ተመልሰው ደግሞ ያስነሱታል። ባስነሱት ቁጥር ድምፁ እየባሰ ሄደ። ባለቤታቸው ከሶፋው ላይ ሆነው በጭብጨባ ሊያስቆሟቸው ሞከሩ። ባል የሚስቱን ጭብጨባ እንደ አድናቆት መቁጠር ከፈለገ ግን ማን ይከለክለዋል?

ሴትዮዋ የሚያጨበጭቡት ወደው አይደለም፤ ድምፅ የላቸውም። ጉሮሯቸው ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ጊዜ ሐኪሙ ድምፃቸው እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባታቸው በፊት ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው፣ ለሚወለዱ የልጅ ልጆች ብለው፣ የሚያውቁትን ተረት ሁሉ አንድ በአንድ አወሩ። ሳላቸውና ሳቃቸው ሳይቀር ተቀዳ። ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋ ድምፅ የሚገኘው እዚያ ኮምፒውተር ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ባልየው እንደዋዛ የሚያስነሱትና የሚያጠፉት ይህንኑ ነበር።

አንድ ጠዋት መካኒኩ አንዱን ተረት ሊከፍቱ ሲሉ አልከፈት አለ። ስክሪኑ ላይ፣ ዲስኩ ስህተት አለበት፣ ይጠገን ወይ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። መካኒኩ "አዎ" የሚለውን ሊጫኑ ጣታቸውን ሲዘረጉ ሚስታቸው ክንዳቸውን ለቀም አደረጉ። በሌላ እጃቸው ስልኩን አቀበሏቸው። ወደ ምራታችን ደውል ማለታቸው ነው።

ምራትየዋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ኃላፊ ናት። መካኒኩ ሙያዋን ብዙም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ እጅ የማያቆሽሽ ጥገና ጥገና አይመስላቸውም። በዚያ ላይ ዘገምተኛ ናት። ምን ብትጠየቅ መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው "ይቆዩ" ስለሆነ፣ ከኋላዋ "እሜቴ ይቆዩ" ይሏታል።

"ይቆዩ አባባ፣ ምንም አይጫኑ" አለች፣ ደውለው ነገሩን ሲነግሯት። "ምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚያሰማው?"

"ቀጭ ይላል፣ ትንሽ ያርፍና ደግሞ ቀጭ ይላል። ልጠግነው ወይ እያለኝ ነው፤ እሺ ልበለው?"

"እንዳይሉት። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉና አረፍ ይበሉ፤ እየመጣሁ ነው።"

"ልጠግን ያለን አትጠግንም ማለት ከየት የመጣ ሕግ ነው?" እያሉ አጉረመረሙ፤ ገመዱን ግን ነቀሉት።

ምራትየዋ መጥታ ሳጥኑን ፈታች፣ ዲስኩን አውጥታ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ የሚያንኳኳ ሞተር ይዘው ዳገት ይወጣሉ?"

"ጤነኛ ሰው አይወጣም። መንገድ ላይ ነው የሚያስቀረው።"

"ያ ጥገና ያለው ነገር ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሯሩጠዋል። ማንበብ ያቃተውን ፋይል ደግሞ ቆርጦ ይጥላል። እኛ መጀመሪያ ጭነቱን እናውርድ፤ ከዚያ መኪናው ቢቆምም ይቁም።"

 ነገሩ ለመካኒኩ ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"እኔ እኮ በየቀኑ ሳስነሳው ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ላዳምጠው ብዬ።"

"ከእንግዲህ አናስነሳውም" ብላ ብቻ ሥራዋን ቀጠለች። ያልተቆጣቻቸው መሆኑ ከቁጣው በላይ አንጀታቸውን በላው።

ዲስኩን ከራሷ ላፕቶፕ ጋር አያያዘችው። ሳያስቸግር የሚነበበውን ቶሎ ቶሎ ገለበጠች፤ ዲስኩ ሲንተባተብ አልታገለችውም፣ ያንን ቦታ ዘላ አለፈች። ኋላ ላይ ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። መካኒኩ ተቁነጠነጡ።

"ቆመ እኮ። አጥፍተን ብናስነሳውስ?"

ሚስታቸው ወንበራቸውን ጎትተው በባላቸውና በላፕቶፑ መካከል ተቀመጡ።

ምራትየዋ ዲስኩን አሳረፈችው። ሲቀዘቅዝ ያለፈቻቸውን ቦታዎች አሁን ከኋላ ወደ ፊት ታስነብባቸው ጀመር። ከፊት አልነበብ ያለው፣ ከኋላ ሲመጡበት ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ ሄደ። መካኒኩ ይህን ሲያዩ አንገታቸውን አሰገጉ። የዛገ ቡሎን እሳቸውም የሚፈቱት እንዲህ ነው፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ መታገሥ። በጉልበት የሚያምኑ ስንት ተማሪዎች ቡሎን ቆርጠውባቸዋል። ይህች ልጅ ጋራዣቸው ገብታ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ለእሷ ጥለው ገና ድሮ ጡረታ በወጡ ነበር። ዘገምተኛ ያሏት ሴት የምትሠራውን የምታውቅ ሴት ናት። በራሳቸው አፈሩ፣ በእሷ ደግሞ ኮሩ።

"ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ" አሉ።

እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ዲስኩ አንዴ አቃስቶ ጭራሹን ዝም ሲል ነው ቀና ያለችው።

"ሁሉም ወጥቷል፤ አንዱ ተረት ብቻ መሐሉ ጠፍቷል። አልዋሽዎትም፣ እሱን ማንም አይመልሰውም።"

ከፈተችው። የሴትዮዋ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ጨረቃን ሊሰርቅ ስለተነሳ ሌባ ነበር የሚያወሩት። "መሰላሉን ጣሪያው ላይ አቆመ። ከረጢቱን በጥርሱ ነክሶ ወጣ፣ ወጣ፣ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ከታች..." አለና ተቋረጠ። ብዙ ቆይቶ ደግሞ "...እስከ ዛሬ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይከራከራል ይባላል" የሚለው መጣ፤ ከዚያ ሳቃቸው።

ሴትዮዋ እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ። የጠፋውን ሊሞሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የሰማ ግን የለም።  መካኒኩ ይህን ተረት፣ ልጃቸው ሕፃን ሳለ ሲነገረው፣ በር ላይ ቆመው ስንት ዓመት ሰምተውታል። ተረት ማውራት ግን የእሳቸው ነገር ሆኖ አያውቅም።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ከታች..." አሉ፣ "ከታች የሰፈሩ ውሻ ጮኸ።"

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን መቱ።

"ውሻ አይደለም? እሺ፣ ድመት።"

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው አዎ አሉ።

"ከታች አንዲት ድመት 'ጌታው፣ መሰላሉ የኔ ነው፤ ግማሿ ይድረሰኝ' አለችው። ሌባውም ደነገጠና ወረደ..."

ሴትዮዋ እንደገና መቱ፤ አሁን በሁለት እጃቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ያለ ድምፅ እየሳቁ። ምራትየዋ መቅጃውን ከፍታ ላፕቶፑን ወደ መካኒኩ ጠጋ አደረገች።

"እሺ፣ አልወረደም" አሉ መካኒኩ፤ ዓይናቸውን ከሚስታቸው ከንፈር ሳይነቅሉ እንደገና ከመሰላሉ ጀመሩ።