ከጉድባው ማዶ የቆመችው

ሩፈይዳና ልያ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደጉት። ሩፈይዳ ሥዕል ታስተምራለች፤ ልያ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁለቱም እረፍት ወሰዱና ወረቀትና እርሳሳቸውን ይዘው ጅማ አጠገብ ያለችው የቡ ከተማ፣ የሩፈይዳ አባት እህት ቤት ሄዱ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሰፊ ጨፌ ሊስሉ ነበር ሐሳባቸው። ድሮ ሲራራ ነጋዴዎች በቅሏቸውን እያሳረፉ የሚያድሩበት ሜዳ ነው። መሐሉን የሚከፍለው አሮጌ ጉድባ ሣር ለብሶ እስከ ዛሬ አለ።

አክስቲቱ፣ በኦሮምኛ አዳዳ የሚሏቸው ሳቢሃ፣ «ጭጋግ ሲወርድ እዚያ አትቆዩ» አሏቸው። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ብርድ ነዋ» አሉ።

ሩፈይዳ ከጉድባው ወዲህ፣ ልያ ከወዲያ ሆነው አንዳቸው ሌላቸውን ሊስሉ ተቀመጡ። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ሳሳ ሲል፣ ሩፈይዳ ከልያ ጀርባ አንዲት ቀጭን ሴት ቆማ አየች። ወገቧ ላይ ቁራጭ ቆዳ አገልድማለች። ከብት የምትጠብቅ ያገር ሰው መስላት ሳለቻት። ሴትየዋ ንቅንቅ አላለችም።

ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ «ሴትየዋ ምን አለችሽ?» አለች ሩፈይዳ።

«የቷ?»

«አጠገብሽ የቆመችው።»

ልያ እርምጃዋን ገታች። «እኔ ጋ ማንም አልነበረም። እንደውም እኔ ነኝ ልጠይቅሽ የነበረው» አለችና የራሷን ሥዕል ዘረጋች። ሥዕሉ ላይ ሩፈይዳ አጎንብሳ ትስላለች። ከኋላዋ ያችው ሴት፣ ያንኑ ቆዳ እንዳገለደመች ቆማለች።

«አዑዙ ቢላሂ» አለች ሩፈይዳ ቀስ ብላ። እየተጣደፉ ወደ ቤት ሄዱ።

አዳዳ ሳቢሃ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩ።

«ኢሼዳ» አሉ በመጨረሻ፤ «እሷው ናት። አባቴም አይቷታል።»

«ማን ናት አዳዳ?»

«የአባቴ አያት ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚነግዱት፤ ሰውም ይነግዱ ነበር። ከዳውሮ ያመጧት አንዲት ሴት እዚያ ጨፌ ላይ ታመመችና መራመድ አቃታት። ጥለዋት ሄዱ። ስትሞት የቀበራት የለም፤ ስሟንም የጠየቀ የለም።»

«እናቴ የዳውሮ ሰው ናት» አለች ልያ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ አዳዳ። ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

በማግስቱ ሩፈይዳ ወደ ጅማ እንመለስ ብላ ለመነች። ልያ እምቢ አለች።

«አንቺ ቅሪ። አንዴ ተጥላለች፤ እኔም ጥያት አልሄድም።»

ሩፈይዳ ብቻዋን ልትልካት አልሆነላትም። ጉድባው ዳር ሲደርሱ ጭጋጉ ጨፌውን ውጦታል። ልያ በእናቷ ቋንቋ መጣራት ጀመረች። ሩፈይዳ ቋንቋውን ባታውቀውም ልመና መሆኑ ገባት።

ሴትየዋ ከጭጋጉ ወጣች። የልያን ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ ዞረች፤ ያገሯን ቋንቋ ከሰማች ስንት ዘመኗ ይሆን። ወደ ልያ ትንሽ ተራመደችና ሩፈይዳን ስታይ ባለችበት ቀረች። ልያ ብትጠራት፣ ብትጠራትም አልመጣችም። ዓይኗን ከሩፈይዳ ላይ አልነቀለችም።

የምትፈራው እሷን፣ የነጋዴውን ዘር፣ እንደሆነ ሩፈይዳ ያን ጊዜ ተረዳች። ወደ ኋላዋ አፈገፈገች፤ ከዚያም ፊቷን አዙራ እስከ አውራ መንገዱ ድረስ ሄደች። እዚያ ቁጭ ብላ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረገች። ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ይሰማት ነበር።

ልያ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ፈታ ብሏል።

«ሄደች» አለች። «ስሟን ነግራኛለች።»

«ማን አለችሽ?»

ልያ ጓደኛዋን ረዘም አድርጋ አየቻት።

«ላንቺ አልነግርሽም» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም።

ጅማ ከተመለሱም በኋላ እንደ ወትሮው ይጠያየቃሉ፣ አብረው ይስቃሉም። ሩፈይዳ ግን ያን ስም ዳግመኛ አልጠየቀችም።