ስንቅ እየቋጠረች

«ልጁ ሰማይ ላይ መርከብ ነበረው አሉ» አለች ጎረቤቲቱ ይርጋነሽ፣ ንፍሮውን ከመዳፏ እየቃመች። ለጎኗ ሴት ያንሾካሾከች መስሏታል። ቤቱ ግን ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። «ሞጣ ያሉ ጓደኞቹ ናቸው ያወሩት። እናትም አለችው አሉ፣ እዛ።»

ፈንታነሽ ከፍራሹ ላይ ቀና አላለችም። ልጇ አምላኩ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሠልስቱ ታስቦለት ተመልሳለች፤ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

«እናቱ እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ የለችውም።»

«እኔ ምን አልኩ ፈንታዬ፤ ሲሉ የሰማሁትን ነው።»

ስለ መርከቧ ፈንታነሽም ታውቃለች። አምላኩ ለፋሲካ ከሞጣ ወደ ቢቸና ሲመጣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያጫውታት ነበር። ጨዋታ ነው አላት። ኮከባቸው ጠፍቶባቸው አገር ያጡ ሰዎች በመርከብ ሰማይ ለሰማይ ይዞራሉ።

«የኖኅ መርከብ ነው?»

«አይደለም እማ፣ ይሄኛው ውኃ የለውም።»

«እግዜርን ያውቃሉ?»

«አልነገሩኝም።»

«ይጾማሉስ?»

«ስንቃቸው ሲያልቅ» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ትልቅ ሰው ሆኖ በዚህ መዋሉ አልጣማትም ነበር። በማግስቱ ሊሄድ ሲል ግን «አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ» ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳት። «ፊቴን ትተህ አንገቴን ምን ታደርገዋለህ?» ብትለው «ንቅሳቱን ፈልጌው ነው» አላት፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

ወደ ማታ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሰማው ገባ። ሞጣ ከአምላኩ ጋር አንድ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግን የነበረ፣ አንድ ቤት አብሮት የኖረ ጓደኛው ነው። ለቅሶ ቤት ላፕቶፕ ይዞ መግባት አሳፍሮት በጋቢው ጠቅልሎታል። ከፈንታነሽ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድዎት ነበር። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ተናገር ልጄ።»

ላፕቶፑን ከፈተው። መጀመሪያ የብረት በር ሲንሸራተት ተሰማ፤ ቀጥሎ «እማ፣ መጣሁ» የሚል ድምፅ።

የአምላኩ ድምፅ ነው። እህቱ ስርጉት የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። ይርጋነሽ አማተበች። ፈንታነሽ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም፤ ወደ በሩ ነው ያየችው።

«በሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲህ እንዲል ራሱ ነው የቀዳው» አለ ሰማው አንገቱን ደፍቶ። «ልነግርዎት ይገባ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የላፕቶፑ ማያ ላይ ጠባብ ክፍል ይታያል። በሩ ጥግ ፋኖስ በርቷል። ነጠላ የለበሰች ሴት አጎንብሳ አንድ ነገር ታስራለች። ቀና ስትል አንገቷ ላይ ንቅሳት አለ፤ ሦስት መስመር፣ ከሥሩ መስቀል። ፈንታነሽ እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ።

«የመርከቧ እናት ናት» አለ ሰማው። «መልኳን እሱ ነው የሠራው። ሕጋቸው አንድ ሰው ውጭ ከቀረ መርከቧ አትነሳም። እሱ ከወጣ ጀምሮ ቆማለች። እኛ ጓደኞቹ ጨዋታው ውስጥ በገባን ቁጥር ትጠይቀናለች፤ 'ልጄ የት ቀረ' ብላ ትጽፋለች፣ በእንግሊዝኛ። መልሱ ሁለት ነው፤ ይመጣል፣ ወይ አይመጣም። አይመጣም ካልናት ፋኖሱን ታጠፋለች፤ መርከቧም ትሄዳለች፣ ዳግም አትከፈትም። ግማሾቻችን እንንገራት አልን፣ ግማሾቻችን ትቆይ አልን። ኋላ እናቱ ሳይፈቅዱ አንነካም ተባባልን።»

«አትንኩት» አለች ስርጉት። «እማ፣ እዛ ገና አልሞተም እኮ። አንድ ቦታ እንኳ ይኑር።»

ፈንታነሽ ሴትዮዋን ስታይ ቆየች።

«ምንድን ነው የምታስረው?»

«ስንቅ ነው እማማ። እሱ ሲወጣ የሚይዘው። እስኪመጣ ድረስ ትቋጥራለች።»

ፈንታነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐሙስ ጠዋት ነው አምላኩ የተሳፈረበት የባሕር ዳሩ ሚኒባስ የተገለበጠው። እሷ ያን ቀን ለአምላኩ በሶ ልትልክ ገብሷን ቆልታ ወፍጮ ቤት ወሰደች። ወረፋ የያዙት ሁሉ ቅደሚ እያሉ አሳለፏት። ዛሬ ሰው ምን ነካው፣ እግዜር ይስጣቸው እያለች ተመለሰች። አመሻሽ ላይ ይርጋነሽ መጥታ ዱቄቱን አብራት ነፋች፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ ስታወራላት አመሸች። «በርበሬም ጣል አድርጊበት፣ ይወዳል» አለቻት። ፈንታነሽ በሶውን በንጹሕ ከረጢት ቋጥራ፣ በጠዋቱ መኪና ልትልከው ራስጌዋ አድርጋ ተኛች። ሲነጋጋ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጇ ቆመው ነበር። ቢቸና ሙሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከረጢቱ አሁንም ራስጌዋ ነው።

«ይቺ ሰው አይደለችም» አለች ዓይኗን ገልጣ። «ነፍስ የላትም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ልጄ እኔን አስመስሎ ነው የሠራት። ንገሯት።»

ስርጉት ማልቀስ ጀመረች። ሰማው አንዴ እሷን፣ አንዴ እናቷን አየ።

«እንግዲያው ነገ በጠዋት ይሁን?»

«አዎ፣ ነገ» አለች ስርጉት ቶሎ ብላ። «መርዶ በማታ አይነገርም። እማ፣ ወጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።» ፈንታነሽ ይህን ስትል ያየችው ይርጋነሽን ነው። ይርጋነሽ መዳፏ ላይ የቀረውን ንፍሮ ወደ ሰፌዱ መለሰች።

«ሌሊቱን አትችይውም ብለው ነው ፈንታዬ። እኔ ምን ላድርግ።»

«አልወቀስኩሽም» አለች። ከዚያ ወደ ሰማው ዞረች። «ስንቅ እየቋጠረች አታሳድሯት። አይመጣም የሚለው የቱ ነው?»

አሳያት። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ አማተበች፣ ተጫነችው።

ሴትዮዋ ማሰሯን ተወች። የቋጠረችውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ብዙ ቆማ ወደ በሩ ሄደችና ፋኖሱን አጠፋች። ማያው ጨለመ።

«ምን አለች?»

«ምንም አልጻፈችም እማማ።»

ፈንታነሽ ራሷን ነቀነቀች። ግድግዳውን ይዛ ፍራሹ ላይ ወደ ዳር ፈቀቅ አለች፤ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች። ይርጋነሽ ልታጽናናት ተነሥታ መጥታ ልትቀመጥበት ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«እዚህ በኩል ነይ» አለች፣ ወደ ጨለመው ማያ እያየች። «እዚያ ሰው አለበት።»

ከዚያም ባዶው ቦታ ላይ የተጨማደደውን አንሶላ በእጇ ዘረጋጋችው።