ያልተጠራው አናጢ

የሕንፃ ግንባታው ሳይት ላይ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ዓይኑ ከመሬት ስለማይነሳ ሠራተኞቹ «ሙሽራው» ይሉታል። ምህንድስና የተማረ ልጅ ነው፤ አብዛኛውን ትምህርቱን የጨረሰው ግን እናቱ ቤት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በኢንተርኔት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ክፍል ውስጥ ተምሮ ነበር። ያኔ አንድ መምህር ተማሪውን ሁሉ በየተራ ሰሌዳው ፊት እያቆመ፣ «ጮክ በል! ኋላ ያለው ይስማህ!» እያለ ያስጨንቅ ነበር። ልጁ ያን ሰዓት እንደ ጦር ይፈራው ነበር። ትምህርቱ በኢንተርኔት ሲሆን እፎይ አለ። ማይኩን ዘግቶ፣ ጥያቄውን ጽፎ፣ ፊደሉን አርሞ ይልካል፤ መምህሩ ሲመቸው አንብቦ ይመልስለታል። በቡድን ሥራም ሌሎቹ ያወራሉ፣ እሱ ያሰላል። ውጤቱ ጥሩ ነበር።

አሁን በመጀመሪያ ሥራው ላይ የሙከራ ጊዜውን ሊጨርስ ነው።

ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋቱ ብርድ ነበር። ፎርማኑ ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ «በረንዳው ሥር ያሉትን ድጋፎች ንቀሉ! ቶሎ በሉ፣ ላይኛው ፎቅ እንጨት አልቋል!» አለ። ሽማግሌው አናጢ መዶሻውን አንስቶ ከበረንዳው ሥር ገባ።

«ሙሽራው፣ ዛሬስ ድምፅህን ታሰማን ይሆን ወይስ ሚዜ ይናገርልህ?» አለው አናጢው ከሥር ሆኖ።

ሠራተኞቹ ሳቁ። ልጁም ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ዓይኑ በረንዳው ላይ አረፈ። በረንዳው ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ ነው፤ በዚህ ብርድ አርማታው ገና አልጠነከረም። ድጋፉ ከተነቀለ አይቆምም።

«አቁሙ» ቢል ሁሉም ዞሮ ያየዋል። ስልኩን አወጣና ለሳይቱ ሰዎች በሙሉ ጻፈ፤ «እባካችሁ የበረንዳው ድጋፍ አይነሳ። አርማታው ገና ነው።» አነበበው። አንድ ፊደል ስቶ ነበር፤ አረመው። ላከው።

ሚስማሩ ላይ በተሰቀለው ኮት ኪስ ውስጥ የፎርማኑ ስልክ ነዘረ። መዶሻው ግን አላቆመም። አንድ ድጋፍ ወደቀ፤ ሌላው ተከተለ። ልጁ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ የሚያነብለት ሰው ጠበቀ።

በረንዳው አናጢው ላይ ወረደ።

«እግዜር ይስጥህ፣» አለው ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስገብቶ። «ተጠያቂው ፎርማኑ ነው። አንተ በጽሑፍ አስጠንቅቀሃል። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነህ።»

ከሳምንት በኋላ የሟቹ አናጢ ሴት ልጅ የአባቷን መሣሪያ ልትወስድ መጣች። ሣጥኑ እዚያው ፍርስራሹ አጠገብ ስለነበር ልጁ ይዟት ሄደ።

«ወንድሜ፣ ቀድመህ አይተኸው ነበር አሉኝ።»

«አዎ። ጽፌ ነበር።» ስልኩን ሰጣት።

አነበበችውና ስልኩን መለሰችለት። «የት ቆመህ ነው የጻፍከው?»

«እዚያ... አሸዋው ጋ።»

ሄዳ አሸዋው ጋ ቆመች። ፊቷን ወደ ፍርስራሹ መለሰች። ከዚያ ሆና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «አባባ» አለች።

ልጁ የቆመው አባቷ የወደቀበት ቦታ ላይ ነበር። ጥርት አድርጎ ሰማት።