በሰው እግር የተገባ ስለት

ማማ ኡም ኢሊያስ መንገዱን ያሳዩዋት ምስር ላይ ነው። ደማቀች ለምሳ የሚሆነውን ምስር በትልቁ ትሪ ዘርግታ ጠጠሩን ስትለቅም፣ አሮጊቷ አሠሪዋ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡና ያንን የተጣመመ ጣታቸውን ምስሩ መሃል ሰክተው ወደ ታች ሳቡት።

«ይቺ ማዳባ ናት» አሏት። «ይሄ ናባው ተራራ። እዚህ ጋ ይታጠፋል። ከዚያ ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል ብቻ ነው። የሙሴ ምንጭ!» አንድ ራስ ሽንኩርት አንስተው ምንጩ ያለበት ቦታ ላይ አስቀመጡ።

ማማ የማዳባ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በጥምቀት ሰሞን ከሴት አያታቸው ጋር በዚያ መንገድ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ጉልበት ያለው እስከ ዮርዳኖስ ወንዝ ይዘልቃል፤ ያልቻለ ምንጩ ጋ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል። አያትየው «ውሃው ራሱ ወንዙ ጋ ይደርስ የለም እንዴ፣ እኛን ምን አስቸኮለን» ይሉ ነበር አሉ። ዛሬ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከማማ ጣት በቀር የሚገኝ አይመስልም።

ደማቀች ምስሩን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለጓደኛዋ ለትብለጥ ላከችላት። አመሻሹ ላይ ትብለጥ ደወለች።

«አንቺ፣ መንገዱን አየሁት። ግን መታጠፊያው አይታይም፤ እስቲ ቀረብ ብለሽ እንደገና አንሺልኝ።»

«የለም እኮ አሁን።»

«የት ሄደ?»

«በላነው። ሙጀደራ ሆነ።»

ትብለጥ ሳቀች፣ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀጥ አለ። ስልኩ ጭር አለ። ቆይታ ስትመለስ «ኔትወርኩ ነው» አለች።

ሁለቱ በአንድ አውሮፕላን ነው አማን የገቡት። ደማቀች ዴር ግባር ሠፈር ማማ ቤት ሠራተኛ ሆና ገብታ እዚያው ቀረች። ትብለጥ ግን ከአሠሪዋ ጋር አልተስማማችም፤ ወጥታ ስዌይለህ ሠፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ በሰዓት እየሄደች ቤት ማጽዳት ጀመረች። ኮሮናው የመጣ ጊዜ ማማ በራቸውን ዘጉ። «ውጪ ሞት አለ» ብለው ነው፣ ከክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ ከመጋቢት ጀምሮ ደማቀች ከአጥሩ ውጪ እግሯን አላነሳችም። ሁለቱ ጓደኛሞች በስልክ ካልሆነ አልተያዩም።

በኅዳር ትብለጥን ያዛት። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው ስላለፈ ሆስፒታል መሄድ ፈራች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ስልኩን የምታነሳው አንዷ የክፍል ጓደኛዋ ሆነች፣ ቀጥሎ እሷም ማንሳቱን ተወችው። ያን ቀን ደማቀች ማማ እንዳይሰሟት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ እያለቀሰች ተሳለች። «መጥምቁ ዮሐንስ፣ ትብለጥን አስነሳልኝ! ካስነሳህልኝ እኔና እሷ በእግራችን ወደ ወንዝህ መጥተን እናመሰግንሃለን» አለች።

ምን እንዳለች ልብ ያለችው ቧንቧውን ከዘጋች በኋላ ነው። ሰው በገዛ በጉ ይሳላል፣ በገዛ ጃንጥላው ይሳላል፣ ሲብስበት በገዛ እግሩ ይሳላል። በሰው እግር የተሳለ ማን አለ? ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ትብለጥ ተነሳች። ተነሳች ማለት ተናገረች፣ በላች፣ ሳቀች። ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። ደማቀችም ነገሩን እንዲህ ተረዳችው፦ ዮሐንስ ግማሿን መልሶ ግማሿን መያዣ አድርጎ አስቀርቷታል። ስለቱ ሳይገባ የጥምቀት ሰሞን ካለፈ የሰጣትንም ይወስዳታል። ይህን ደግሞ ለማን ትናገረዋለች? ገና ከሞት አፍ ለወጣች ሴት «ዕድሜሽን አስይዤልሻለሁ» አይባልም። ስለዚህ «ሐዝሩ፣ ይሄ ከቤት አትውጡ የሚሉት ነገር ሲነሳ አንድ አርብ ወጣ ብለን ወንዙን በእግራችን ብናየውስ?» ብላ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረገችላት።

ትብለጥ እንደ ረሃብተኛ ነው የተቀበለቻት። ከዚያች ቀን ወዲያ ወሬያቸው መንገዱ ብቻ ሆነ። ወንዙ ጋ ወታደሮች እንዳሉና ወረቀት እንደሚጠይቁ የነገረቻትም ራሷ ትብለጥ ናት።

«ሙሴም እኮ ናባው ላይ ቆሞ አይቶ የቀረው ኢቃማ ስላልነበረው ነው» አለች። «እኔ ከሙሴ አልበልጥም።»

በዚህ ላይ ነው የማማ ምስር የደረሰላቸው። ምንጩ ጋ ማንም ወረቀት አይጠይቅም። ውሃውም የወንዙ ውሃ ልጅ ነው፤ ዮሐንስ በዝምድና ይቀበለዋል ብላ ደማቀች ራሷን አጽናናች።

ትብለጥ ሰው ልካ ከመሐል አማን ሁለት ጥንድ ሸራ ጫማ አስገዛች፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሰማያዊ መስመር ያላቸው። አንዱን ለደማቀች በታክሲ ላከችላት። ልምምድም ጀመሩ። ደማቀች የማማን ግቢ ዙሪያውን ትዞር ነበር፤ ማማ በመስኮት «ሣሩን ጨረስሽው!» እስኪሉ ድረስ። ትብለጥ ደግሞ «ዛሬ እስከ ዳቦ ቤቱ»፣ «ዛሬ እስከ ዱዋሩ ደርሼ ተመለስኩ፣ አደባባዩን ዞርኩት» እያለች በየምሽቱ ታወራላት ነበር። ያኔ ደማቀች ዮሐንስ መያዣውን ቀስ በቀስ እየለቀቀ ያለ መሰላት፤ እንቅልፏም ተመለሰ።

ጥር ላይ የአርቡ ሐዝር ተነሳ። ማማ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አኮረፉ። አርብ ጠዋት ግን ሁለት ማስክ እና አንድ ባዶ የጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ ይዘው በሩ ላይ ጠበቋት።

«ከምንጩ ሙይልኝ» አሉ። «ሁለቱንም ማስክ አድርጊ። ያላ፣ ሳልጸጸት ሂጂ።»

ደማቀች የስዌይለህን አራት ፎቅ በጥድፊያ ወጣችው። ትብለጥ አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ብርቱካን የያዘ ቦርሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሙሽራ ትጠብቃለች። ከስታለች። በስልክ እንዲህ አትመስልም ነበር። ማስክ ስላደረጉ መሳሳም ቀረ እንጂ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

«ማሰሪያሽ ተፈትቷል» አለች ደማቀች፣ ዕንባዋን ለመደበቅም ጎንበስ አለች። የትብለጥን እግር አንስታ ጉልበቷ ላይ ስታሳርፈው የጫማው ሶል ታያት። እንደ ወተት ነጭ ነው። የዋጋው ወረቀት እንኳ ሥሩ ላይ እንደተለጠፈ አለ። የራሷ ጫማ የማማ ግቢ ጭቃ አቡክቶት ቡናማ ሆኗል።

«ትብለጥ፣ ዱዋሩስ?»

ትብለጥ መስኮቱን አየች። «አልሄድኩም።»

«ዳቦ ቤቱስ?»

«ከታመምኩ ወዲህ ደረጃውን ወርጄው አላውቅም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሼ ያልቃል። ልጆቹ ናቸው የሚያበሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?»

«መንገዱን ስታወሪ ድምፅሽ ይለወጥ ነበራ! ያ የተዘጋ በር ሊያሳብድሽ ነበር እኮ። በምን አንጀቴ ልከልክሽ? ዛሬም ቢሆን እንደምንም ታክሲው ጋ ልድረስ እንጂ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል ብዬ ነው የተነሳሁት።»

ደማቀች ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የትብለጥን እግር እንደያዘች ሁሉንም ነገር አወጣችው፤ ቧንቧውን፣ ስለቱን፣ መያዣውን።

«በእኔ እግር ተሳልሽ?» አለች ትብለጥ።

«አዎ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«መናገር አትችዪም ነበር እኮ!»

ትብለጥ መጀመሪያ አፈጠጠች፣ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ በዚህ ጊዜ የሚዘጋ ስልክ አልነበረምና ደማቀች እስከ መጨረሻው ሰማችው። ረጅም ነበር። ጀርባዋን ደገፈቻት።

«ካላደረስኩ ይወስድብኛል» አለች ደማቀች። «ፈራሁ፣ ትብለጥ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ትብለጥ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «ታች ያለውን ባለሱቅ ታውቂዋለሽ? ዱቤ ላለበት ሰው ሁሉ ‹አላህ ዕድሜ ይስጥሽ› ይላል። ከልቡ እኮ ነው። ዕዳውን ሳይቀበል ባለዕዳው እንዲሞትበት የሚፈልግ የት አየሽ? ዮሐንስ ከባለሱቁ ያንሳል?»

ደማቀች በዕንባዋ መሃል ቀና አለች።

«በአንድ ቀን እንመጣለን ብለሻል?»

«አላልኩም።»

«ከየት እንደምንነሳስ?»

«እሱንም አላልኩም። በእግራችን ብቻ ነው ያልኩት።»

«በቃ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከዚሁ እንነሳለን። ዛሬ የቻልነውን፣ በሚቀጥለው አርብ ካቆምንበት።»

«የማማስ ጠርሙስ?»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰማንያን አልፈዋል።»

«እንግዲያው እሳቸውም ውሃቸውን ሳይቀበሉ የትም አይሄዱም።»

ወረዱ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አረፉ። ሁለተኛው ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እንቁላሉን ላጡ። ትብለጥ የተላጠውን አገላብጣ አየችና «ይሄኛው እንኳ አይሄድም» ብላ ዋጠችው። ጎረቤት ያለች ሴትዮ ከነልጆቿ በላያቸው ተራምዳ አለፈች። እንዴት ተመልሰው እንደሚወጡ ሁለቱም አላነሱትም፤ የሱ ጣጣ በኋላ ይመጣል።

መንገድ ላይ ሲወጡ ፀሐይ ነበር። ትብለጥ ዓይኗን ጨፈነች፣ የደማቀችን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ተራመደች፤ የዋጋው ወረቀት አስፋልቱ ላይ ቸር ቸር ይላል። ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ጥግ ሲደርሱ ፊቷ ገረጣ፣ ዕቃ መጫኛ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ደማቀች አጠገቧ ተጠጋግታ ተቀመጠች፣ ትንፋሿን አብራት እየተነፈሰች።

«ደረስን?» አለች ትብለጥ፣ ድምፅ ሲመጣላት።

ደማቀች ማዳባን፣ ናባውን፣ ያንን ሁሉ የምስር ቁልቁለት አሰበችው።

«ገና ነን። በጣም ሩቅ ነው።»

«ተመስገን» አለች ትብለጥ፣ ራሷንም የደማቀች ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።