ብርቱካን ያየችው ፊት

ሙንተሲር ላጲስ አልነበረውም። ሰው ሲስል አንዴ ያሰመረውን መስመር ተመልሶ አይነካውም፤ ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ላይ ሌላ መስመር ደርቦ ያልፋል። ቆቦ መናኸሪያው በር ላይ፣ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥላ ሥር ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጥና መኪና የሚጠብቀውን መንገደኛ በአምስት ደቂቃ ወረቀት ላይ ያወርደዋል። ትከሻው በሁለት መስመር ያልቃል፤ ጸጉሩን በከሰል ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፤ ዓይን ላይ ሲደርስ ብቻ ትንሽ ቀስ ይላል። ሰዎቹ "እንዴ፣ እኔው ራሴ!" ብለው ሲስቁ ቀና ብሎም አያያቸውም።

እኔ ይሄን ድፍረቱን እወድለት ነበር። አንድ ቀን "ይበላሻል ብለህ አትፈራም?" ብዬ ጠየቅሁት።

"እጄ ከእኔ የበለጠ ያውቃል" አለኝ። "የሚበላሸው እኔ ማሰብ ስጀምር ነው።"

ብርሃኑ የተገደለው በጥቅምት ነው፤ ማሽላው ቆሞ ሰው በሚደብቅበት ወር። ባጃጅ ነጂ ነበር። ከሙንተሲር ጋር ቤታቸውን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው፤ አብረው ነው ያደጉት። ያን ቀን ጠዋት የሚስቱ የብርቱካን እናት ታመው እሷን ከኋላ አስቀምጦ ወደ ሮቢት ይወስዳት ነበር። መንገድ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከማሽላው ወጥቶ አስቆማቸው። ብርሃኑ ቁልፉን ነቅሎ ሊሰጠው እጁን ሲያነሣ ሰውየው ደንግጦ ይሁን ጨክኖ ተኮሰበት። ከዚያ ባጃጁንም ሳይወስድ ተመልሶ ማሽላው ውስጥ ገባ።

በአራተኛው ቀን ብርቱካን ከለቅሶው ድንኳን ተነሥታ ሙንተሲር ወደሚቀመጥበት መጣች። ወንድሟ አማኑኤልና አምስት ስድስት የሰፈር ጎረምሶች ተከትለዋታል። ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

"ፊቱን አይቼዋለሁ" አለችው። "ሣልልኝ።"

ሙንተሲር ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀሰ ሰው ነው። "እህቴ፣ እኔ የተቀመጠ ሰው ነው የምስለው። ያላየሁትን እንዴት አድርጌ…"

"እኔ አይቼዋለሁ አልኩህ እኮ! ብርሃኑን ይሄን ትነፍገዋለህ?"

ከሰሉን አነሣ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይስላል። ግንባሩ ሰፊ ነው። ቅንድቡ የተጋጠመ ነው። ዓይኑ ገባ ያለ፣ የማያርፍ። እስከዚያ ድረስ አንዴም አላመነታችም። አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቆመች።

"ከዚህ በታች በፎጣ ተሸፍኗል" አለች።

"እንግዲያስ ፎጣውን እስለዋለሁ።"

ይሄን ጊዜ አማኑኤል ገባበት። "በዚህ አገር ፎጣ ያልጠመጠመ ማን አለ? በፎጣ የተሸፈነ ሥዕል ምን ያደርግልናል? ገልጠህ ሣለው እንጂ!"

"ሲሮጥስ አላየሽውም? ፎጣው አልወረደም?" አላት አንዱ ጎረምሳ።

ብርቱካን ዓይኗን ጨፈነች። "ሲዞር… ትንሽ ወረድ ያለ መሰለኝ። አገጩ ረዘም ያለ ነው መሰለኝ።"

ሙንተሲር እንደ ልማዱ አላቆመም። ከጆሮው ሥር ጀምሮ አንድ ረጅም መስመር ጎተተና አገጩ ላይ አዞረው፤ አፉን በአንድ በኩል ወደ ታች ዘንበል አደረገው፤ ከከንፈሩ በታች በአውራ ጣቱ አንዲት ጥላ ጣለ። ሦስት ደቂቃም አልፈጀ። ወረቀቱን ገልብጦ ሲያሳያት ብርቱካን ጮኸች። ጩኸቷ የብርሃኑ ሳጥን ወደ ጉድጓዱ በወረደ ጊዜ ከጮኸችው አይለይም።

"እሱ ነው! እሱ ነው! ገዳዩ ይሄ ነው!"

ከዚያ ጩኸት በኋላ ማንም የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። አማኑኤል ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ገባ፤ አርባ ቅጂ አወጣሁለት። ማሽኔ ያጠቁራል፤ ሙንተሲር ላላ አድርጎ የጣላቸው መስመሮች ወፍረውና ቁርጥ ብለው ወጡ። ጎረምሶቹ በስልክ አነሡት። ሳይመሽ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያላየው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ለወንድሜ ልኬለታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎብዬ ገበያ ላይ "ተያዘ" የሚል ወሬ መጣ። ይሁኔ የሚባል ግንበኛ ነው፤ ሚስማር ሊገዛ ወጥቶ አንዲት ሴት ስልኳን እያየች "ይሄ አይደለም እንዴ?" አለች አሉ። በድንጋይም፣ በዱላም፣ በእርግጫም ደበደቡት። አንድ ቄስና አንድ ሼህ ላዩ ላይ ተደፍተው ነው ነፍሱን ያተረፉት። ፖሊስ ከሕዝቡ እጅ አውጥቶ ወልድያ ሆስፒታል አስገባው፤ አልጋው አጠገብ ጠባቂ አቆመበት።

ቆቦ ደስ አላት። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ አለኝ። ሙንተሲርን ሰዎች እየመጡ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉት ነበር።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። "ፊት የሚስለው ሰውዬ እዚህ ነው ያለው?" አለች።

ሙንተሲር ቀና አለ።

"በላይነሽ እባላለሁ። የይሁኔ ባለቤት ነኝ" አለችና ከነጠላዋ ሥር ሁለት ወረቀት አውጥታ መደርደሪያዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። አንዱ የእኔ ማሽን ያወጣው ነው፤ ከመብራት እንጨት ላይ የተገነጠለ። ሌላው በከሰል የተሣለ የአንድ ፈገግ ያለ ሰው ፊት ነው፤ አራት ጠርዙ ላይ ግድግዳ ላይ የተመታበት የሚስማር ቀዳዳ አለው። ሥሩ ላይ የሙንተሲር ፊርማ።

"ይሄን በነሐሴ ወደ ዋጃ ሥራ ሲሄድ እዚህ ተቀምጦ አሣለው። ወድዶት አልጋችን ራስጌ ሰቀለው" አለች። "ይሄኛውንስ ማን ሣለው?"

ግንባሩ ሌላ ነው። ዓይኑም ሌላ ነው። ከአፍንጫ በታች ግን አንድ ነው፤ ከጆሮ ተነሥቶ አገጭ ላይ የሚዞረው ያው መስመር፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ያው አፍ፣ ያችው የአውራ ጣት ጥላ። እኔ ስዕል አላውቅም፤ ይሄን ለማየት ግን ማወቅ አያስፈልግም።

ሙንተሲር ሁለቱን ወረቀት እያፈራረቀ አያቸው። ከዚያ "ላ ኢላሀ ኢለላህ" አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"እጄ ነው" አለ። "እሷ አላየችውም። እኔ ነኝ የሞላሁት። እጄ የሚያውቀውን አመጣ።"

በላይነሽ አላለቀሰችም። "እንግዲያ ተነሥ" አለችው። "ተነሥና ይሄንኑ ተናገር።"

ተነሣ። ያን ቀን ሁለቱን ወረቀት ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገባና ቃሉን ሰጠ። ዋጃ ያለው የሥራ ኃላፊም ይሁኔ ብርሃኑ በተገደለበት ጠዋት ከአሥራ ሰባት ሰው ጋር ጣሪያ ላይ ኮንክሪት ሲሞላ እንደነበር መጥቶ መሰከረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጠባቂው ተነሣለት። ወረቀት ላይ ይሁኔ ነፃ ሰው ሆነ።

የከበደው ብርቱካን ዘንድ መሄዱ ነበር። ብቻውን መግባት ፈርቶ እኔን አስከተለኝ። ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ አማኑኤል አጠገቧ ነው። ሙንተሲር ሁሉንም ነገራት።

"ዋሽተሃል" አለችው። "ምን ያህል ሰጡህ?"

"ብርቱካን፣ በፎጣ ተሸፍኖ ነበር ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ኋላ ወረደ። አየሁት! በተኛሁ ቁጥር ነው የማየው። አገጩን፣ ያን ጠማማ አፉን፣ በዚያ አፉ ሲስቅብኝ አየዋለሁ።"

"ያን አፍ ያየሽው ወረቀት ላይ ነው፣ እህቴ።"

"ውጣ!" አለች። "የብርሃኑን ደም ሸጥከው። ውጣ ከቤቴ!"

አማኑኤል ብድግ ሲል እኔ ሙንተሲርን ጎትቼ አወጣሁት። እሷ እየዋሸች አይደለም፤ ይሄ ነው ያስፈራኝ። ብርቱካን እውነት ያየችውን ሰው ፊት ከእንግዲህ ማንም አያገኘውም፤ እሷም ጭምር። ሙንተሲር ሌላ ስሎበታል።

ከዚያ ወረቀቶቹን ለማንሣት ዞርን። ሮቢት ላይ አራት፣ ዋጃ ላይ ስድስት፣ ከመብራት እንጨትና ከሱቅ በር እየቀደድን አወረድን። ጎብዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ብትሩን አንሥቶ "ገዳይ ልታስመልጡ ነው?" ብሎ አባረረን። ሙንተሲር "አባባ፣ የሣልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው" ቢለው፣ ሰውየው "አንተ ብትሆን ምን አገባህ? አንዴ ሥለኸዋል" አለው። ስልክ ውስጥ ያለውን ደግሞ ከየት አባታችን እንቅደደው? ለወንድሜ ደውዬ "አጥፋው" አልኩት። እሱ ለስንት ሰው እንደላከው አያስታውስም።

ወልድያ የሄድነው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ይሁኔ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ዳሌው ተሰብሮ እግሩ በጀሶ ታስሯል። ሙንተሲር ከአልጋው እግር ርቆ ቆመ።

"አንተ ነህ?" አለው ይሁኔ።

"እኔ ነኝ።"

"መናኸሪያው ላይ… ክፉ ተናግሬህ ነበር እንዴ? ያስቀየምኩህ ነገር አለ?"

"የለም። ወላሂ የለም። ስስል አንተን አላሰብኩህም። ትዝም አላልከኝ።"

ይሁኔ በአንድ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ አየ። "ጠልተኸኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አለ። "ለልጆቼ የምነግራቸው ይኖረኝ ነበር። አሁን ምን እላቸዋለሁ?"

ሙንተሲር ዝቅ ብሎ እግሩን ሊስም ሲል በላይነሽ ትከሻውን ያዘችው። "ተወው፣ ያመዋል" አለችው። አነጋገሯ ክፋት አልነበረበትም፤ እውነትም ያመው ነበር።

ይሁኔ በጥር በክራንች ጎብዬ ተመለሰ። ሠፈሩ ውስጥ ሰላም የሚሉት ቄሱ ብቻ ነበሩ። ውሃ የምትቀዳዋ ልጁ ላይ ድንጋይ ተወረወረባት። የካቲት ላይ ቤቱን ዘግተው በላይነሽ ወንድም ወዳላት ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ወረዱ። አሁን ጎብዬ ላይ ብትጠይቅ "ንጹሕ ሰው ይሸሻል?" ነው የሚሉህ። እውነተኛው ገዳይ እስካሁን አልተያዘም፤ የሚፈልገውም ያለ አይመስለኝም።

ሙንተሲር ወንበሩን ከሱቄ ጥላ ካነሣ ከረመ። አሁን ታፔላና በር ላይ የሱቅ ስም ይጽፋል፤ ፊደሎቹን አስቀድሞ በማስመሪያ ነጥብ በነጥብ ይለካል፣ ለአንድ "ሸቀጣ ሸቀጥ" ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሚስቱ ሱዓድ እንደነገረችኝ በየጠዋቱ ከቁልቋሉ ማዶ ለብርቱካን "እንዴት አደርሽ" ይላታል። ብርቱካን ግቢዋን እየጠረገች ነው። መጥረጊያውን ሳታቆም ጀርባዋን ትሰጠዋለች።