መቼ ጀመረው

ዛሬ አትስቅለትም፣ በቃ፣ ጠዋት የጎማ ቦቲዋን ስታጠልቅ ጀምሮ ማቪስ ለራሷ የምትነግረው ይኼንኑ ነው፣ ሮይስተን የፈለገውን ቢቀባጥር ዓይኗን ከመንጠቆዋ ተንሳፋፊ ላይ አታነሣም፣ ምክንያቱም እየመራች ነው፣ መረቧ ውስጥ ያሉት ዓሦች ከሱ ይበልጣሉ፣ እሱም ያውቃል፣ የተሸነፈ ደግሞ የሳምንቱ ዕቃ አጣቢ ነው፣ ስለዚህ ለባሏ የቀረችው መላ አንድ ናት፣ ሚስቱን ማሳቅ፣ ከሳቀች እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እጇ ከተንቀጠቀጠ የዘንጉ ጫፍ፣ እዚያ ማዶ የደረቀው ሸምበቆ ሥር የደረሰው ጫፍ፣ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፣ ዓሣ ደግሞ በዚህ ብርድ ላለመብላት ሰበብ ነው የሚፈልገው።

ብርድ። የቦዩ ውኃ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞታል፣ ጠዋት ሮይስተን በገመድ የታሰረ ብረት እየወረወረ ነው በረዶውን የሰበረላቸው፣ አንድ ቀዳዳ ለሷ፣ አንድ ለራሱ፣ ለራሱ ሰፋ አድርጎ፣ ሌባ።

ማክሰኞዋን አቀብይኝ፣ ይላል።

ይኸው። ጀመረ። ማክሰኞን ሸጫታለሁ፣ ትለዋለች ዞር ሳትል፣ ረቡዕ ከፈለግህ አለች።

እሱ የመጨረሻዋን ቃል ለሰው ትቶ አያውቅም፣ ምን እየጎነጎነ ይሆን፣ ማክሰኞዋን፣ ይላል እንደገና፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው፣ ፊቱን ኮስተር ሳያደርግ አልቀረም፣ ኮስተር ሲል ነው የሚያስቀው፣ አታየውም፣ በእግሯ ፔርሙዙን ገፋ ታደርግለታለች፣ በዚህ ሰዓት ከሻይ ሌላ ምን ይፈልጋል። ሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ሥራው ይኸው ነበር፣ ቀጣዩ ፌርማታ ባርሴሎና፣ የዋና ልብሳችሁን እንዳትረሱ እያለ፣ ዘንቢል የያዙት አሮጊቶች ደግሞ ወርደው ዝናብ ውስጥ ቆመው ሲስቁ፣ እሷን ግን፣ እሷን አንዴ ኮፍያውን ውኃው ላይ ጥሎ ከድልድዩ ጀርባ ተደብቆባታል፣ ሮይስ እያለች እየጮኸች እስከ ወገቧ ገባች፣ እሱ ወጥቶ እሜቴ ዋናው እንዴት ነው ሲላት የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር በሙሉ ዳር ቆሞ ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ሳቁባት፣ ማቪስ ዓሣዋን በእጇ ነው የምትይዘው አሉ። ከዚያ ወዲህ ማለች። ሁለተኛ አትታለልም።

ከረጢቱ ውስጥ ድመት አለ፣ ይላል ሮይስተን፣ ወይም እንደዚያ ያለ ነገር፣ ቃሉ ተድበስብሶባታል፣ አፉ ዳቦ ጎርሶ ይሆናል።

እና ተንሳፋፊዋ ትጠልቃለች።

እንደ ትንንሾቹ ነቅነቅ ብላ አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ሰው በር ዘግቶ እንደሚሄድ፣ ማቪስ ዘንጉን ስታነሣ መሬት የያዘች ይመስላታል፣ ከዚያ መሬቱ ይሄዳል፣ ከዘንጉ ውስጥ ክሩ የታሰረበት ላስቲክ እየተሳበ ይወጣል፣ ይወጣል፣ በጥር ወር፣ በዚህ ክር፣ ፀጉር በሚያህል ክር፣ አምላኬ፣ እና አንዴ ብቻ ጎኑ ይታያታል፣ ነሐስ፣ ትሪ የሚያክል፣ በዕድሜዋ ሙሉ ያላየችው ዓሣ፣ ሮይስ፣ መረቡን፣ ሮይስ ትሰማለህ፣ መረቡን ያዝልኝ!

አይመጣም። ቅናት ነው፣ ትላለች በልቧ፣ እንዲያመልጠኝ ነው፣ አንተ ሰውዬ ጨዋታ አይደለም፣ እና ያኔ ነው መሐላዋን አፍርሳ የምታየው።

ወንበሩ ላይ ነው። ፈገግ ብሏል፣ በግማሽ። ቀኝ እጁ ፔርሙዙን ይዞ ጉልበቱ ላይ ወድቋል፣ ሻዩ ሱሪው ላይ ይፈስሳል፣ ይጨሳል፣ እሱ ደግሞ ጭሱን የሌላ ሰው ጭስ አድርጎ ያየዋል። ትኩስ ነው እኮ። ትኩስ አይደለም ወይ፣ ራሷ ናት ያፈላችው፣ ምናልባት ቀዝቅዟል፣ ከቀዘቀዘ አይጨስም፣ በብርድ ግን ለብ ያለውም ይጨሳል፣ ሮይስተን ተው፣ ትለዋለች፣ አሁን አቁም፣ አሸንፈሃል፣ ስቄያለሁ፣ አየኸኝ፣ እየሳቅሁ ነው። ዓሣው ይጎትታታል። እጅህን አንሣ፣ ሁለቱንም፣ እጅ ወደ ላይ ሌባ! ግራው ይነሣል፣ አስተማሪ እንደሚያስፈቅድ ልጅ። ቀኙ አይነሣም። ይኼን ማስመሰል ይቻላል፣ እሱ ከሆነ ይችላል። ዓይኑ ግን ይፈራል፣ ዓይኑን እንዲህ አድርጎ አያውቅም፣ የሱ ዓይን ሲያሾፍ ከአፉ ቀድሞ ነው የሚስቀው።

ዘንጉን ትለቀዋለች። ውኃው ላይ ዠው ብሎ ይሄዳል፣ በረዶውን እየሰነጠቀ፣ የሚጎትተው እንጂ የሚይዘው ሳይኖር፣ አታየውም፣ አየችው፣ አታየውም።

አምቡላንስ ለመጥራት ትደውላለች፣ የት ነዎት ይላል ስልኩ። ቦዩ ዳር ነኝ። የትኛው ቦታ ላይ እናቴ? ከ፣ ከዎልሶል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሸምበቆው ጋ፣ ሁልጊዜ የምንቀመጥበት፣ እንዴት ያለ መልስ ነው፣ ሴትየዋ ትታገሣታለች፣ ቅርብዎ ድልድይ አለ? አለ። ቁጥሩን ያንብቡልኝ። ጥላው መሮጥ አለባት፣ ኮቷን አውልቃ ከጀርባው ትደግፈዋለች፣ እንዳትንቀሳቀስ፣ ውኃው ውስጥ ብትገባ እገልሃለሁ፣ ትሮጣለች፣ ቦቲው ያዳልጣታል፣ ያቺ ቁጥር የተጻፈባት ብረት በረዶ ለብሳለች፣ በእጅጌዋ ትፍቃለች፣ በጥፍሯ፣ ስንት ዓመት በዚህ ድልድይ ሥር አልፋ ቁጥሯን አንድ ቀን አላየቻትም። ሴትየዋ ቁጥሩን ትደግምላታለች፣ ከዚያ፣ እዚያ ድረስ መኪና አይገባም፣ መንገዱ ላይ ባለው በሚቀጥለው ድልድይ ይጠብቋችኋል፣ የሚረዳዎ ሰው አለ? ሰው። በዚህ ቀን የትኛው ሰው።

ጀልባ ናት የምትመጣው። ረጅም፣ ጠባብ፣ የጭስ ማውጫዋ ላይ እንጨት የሚሸት ጭስ፣ በረዶው ከሥሯ እንደ ብርጭቆ እየተሰባበረ፣ መሪውን የያዘችው ጠና ያለች ሴት ናት፣ እዚያው ጀልባዋ ላይ የምትኖር፣ ሄዘል፣ በሌላ ቀን ማቪስ ዓሣ ታባርሪያለሽ እያለች የምትረግማት፣ ዛሬ ግን ሁለት እጇን እያወዛወዘች ትጮህባታለች፣ ሄዘልም ጥያቄ አታበዛም፣ ጀልባዋን ዳር አስጠግታ በሮይስተን ብብት ሥር በትከሻዋ ትገባለታለች፣ አንቺ በዚያ ያዢ፣ በወገቡ፣ ኧረ ጋሼ ይኼን ሆድ ምን አብልተህ ነው ያሳደግኸው፣ ሮይስተን መልስ ሊሰጣት አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ቃል አይደለም።

ፍጠኝ በያት ጀልባሽን፣ ትላለች ማቪስ።

ይቺው ናት ፍጥነቷ፣ የኔ እናት።

ዳር ዳሩን አንድ ሰው ውሻውን ይዞ ይሄዳል፣ ውሻው ይቀድማቸዋል። ባሏን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ሱሪው እርጥብ፣ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ከብዶ፣ ሮይስ አሁን ቀልድ፣ ትለዋለች በጆሮው፣ አሁን እስቅልሃለሁ፣ ማክሰኞዋን ጠይቀኝ፣ እሰጥሃለሁ።

መቼ ጀመረው?

አምቡላንሱ ውስጥ ያለው ጎረምሳ ነው የሚጠይቃት፣ መርፌ እየሰካ፣ ፊቷን እያየ፣ እማማ ያስቡ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያዩት መቼ ነው፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ ቶሎ ከሆነ ነው የሚሰጠው፣ ከዘገየ ጭንቅላት ውስጥ ደም ያፈስሳል፣ ስለዚህ እንዳይገምቱ፣ ይወቁ።

ይወቁ። ደህና ማለት ምን ማለት ነው፣ ሮይስተንን ያላወቀ ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው፣ ቁርስ ላይ እንቁላሉን ማርማላታ ቀባው፣ ግን እሱ ሁልጊዜ ይቀባል፣ የቤታቸውን ውሻ በማቪስ እናት ስም ጠራት፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ የሚጠራት በዚያ ነው፣ አንድ ቀን ግን መጀመሪያ ጊዜ ጠርቷታልና የትኛው ቀን ነበር፣ አይ፣ ይኼ አይደለም፣ መኪና ውስጥ ዝም አለ፣ ያውም እስከ መታጠፊያው ድረስ፣ መታጠፊያውን አለፈው፣ እያየሽ እንደሆነ ልፈትንሽ ነው አለ፣ እሷም አመነችው፣ ወይስ ትናንት፣ ትናንት ማታ ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘችው፣ እሱ ነው ወይስ እሷ ናት የከተተችው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሰውዬው ቀልዱን እንደ ኮት ለብሶት፣ ከኮቱ ሥር መቼ እንደታመመ አሁን አንቺ ንገሪን ይሏታል። እና ማክሰኞዋ ላይ ብትዞር ኖሮ። አንዴ ዞር ብትል። ስለ ዕቃ አጣቢነት ብላ፣ ስለ ትንንሽ ዓሦች።

እማማ?

መንጠቆው፣ ትላለች ማቪስ።

ምን አሉኝ?

መንጠቆዬ ሸምበቆ ይዞት ተበጥሶ ነበር፣ ዓይኔ አያይልኝም፣ እሱ ነው ያሰረልኝ፣ ሽፋሽፍት የምታክል መንጠቆ ናት፣ ጓንቱን አውልቆ፣ ጣቱን በትንፋሹ እያሞቀ፣ በሁለት እጁ፣ ቋጠሮውን በጥርሱ ሲያጠብቅ የቤተ ክርስቲያኑ የእሑድ የአራት ሰዓት ደወል ተደወለ፣ ቄሱ እኛን ነው የሚጠራው፣ ዓሣ ካልያዝን ግን ባዶ እጃችንን አንሄድም አለ፣ አጥርቶ ነው ያለው፣ በሙሉ አፉ።

ዛሬ?

ዛሬ። ወይስ ያለፈው እሑድ፣ ያለፈው እሑድም መንጠቆ ተበጥሷል፣ ደወሉም ሁሌ ይደወላል፣ ያለፈው እሑድ ግን ዝናብ ነበር፣ ጃንጥላው ሥር ነበሩ፣ ጣቱን አላሞቀም፣ ያሞቀው ከበረዶው የተነሣ ነው፣ በረዶ የነበረው ዛሬ ነው። ዛሬ፣ ትላለች።

ጎረምሳው ሾፌሩን ንዳ ይለዋል። ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ ሐኪሟ ትጠይቃታለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እርግጠኛ ነዎት? ማቪስ በሕይወቷ ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ ሆና አታውቅም፣ የቤታቸውን በር መቆለፏን እንኳ ሁለቴ ተመልሳ ነው የምታየው። አዎ፣ ትላለች። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ያቺ አዎ ከኋላዋ ስትሄድ፣ በመርፌ ስትገባ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ስትደርስ ይታያታል፣ ጃንጥላውን የያዙት ያለፈው እሑድ ነው ወይስ ከዚያ በፊት ያለው፣ ልጥራቸው፣ ተሳስቻለሁ ልበል፣ አልተሳሳትኩም፣ ጣቱን አሞቀ፣ አሞቀ ወይ፣ አሞቀ።

መስኮቱ ግራጫ ነው። ቦቲዋ ወለሉ ላይ ጭቃ ትቷል፣ ማንም አልተቆጣትም፣ ይኼ ራሱ ያስፈራታል። ተኝቷል። ደም አልፈሰሰም ብላለች ሐኪሟ፣ እስካሁን ጥሩ ነው፣ ሌላውን እናያለን። ከዚህ ጎን ስታየው አፉ ቀና ያለ ይመስላታል፣ ከዚያ ጎን ጠመም ያለ፣ ወንበሩን ታዞራለች፣ ትመልሳለች፣ ነርሷ አይዞዎት ገና ነው ትላታለች፣ ገና የሚለው ቃል የትኛው ወገን እንደሆነ አይገባትም። በመጨረሻ ወንበሩን ከግርጌው ታስጠጋና ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።

ዓይኑን ይገልጣል። ያያታል፣ ወይም ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ያያል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም፣ አትናገር ትለዋለች፣ ለአንድ ቀን ዝም ብትል ምን ትሆናለህ። ከአንሶላው ሥር እጅ ይወጣል፣ ቀስ እያለ፣ የአልጋውን ጠርዝ እየዳሰሰ፣ ነርሷን አትጠራም፣ ብትጠራ የሚመለስ ይመስላታል፣ ትጎነበሳለች፣ የዓሣ ሽታ ያልለቀቃት እጇን ወደፊት ትዘረጋለች፣ ጣቶቹ ያገኟታል፣ ይጨብጧታል፣ ደከም ብለው፣ ግን ይጨብጧታል፣ የትኛው እጅ ነው፣ ግራው ከሆነ ምንም አይደለም፣ ግራው ጠዋትም ይሠራ ነበር፣ ቆይ፣ የተቀመጠችው ፊት ለፊቱ ነው፣ የሱ ቀኝ በሷ ግራ በኩል ነው፣ የትኛዋን እጅ ነው የዘረጋችው፣ የጋብቻ ቀለበቷን ትፈልጋለች፣ አለ፣ ከጣቶቹ ሥር ይታያል፣ ቀለበት ያለባት ግራዋ ናት፣ ግራዋን ነው የያዘው፣ ግራዋን፣ በቀኙ።